«ላፕቶፕ፣ 1 ፍሬ»፦ ስለ ያገለገለ ላፕቶፕ ሽያጭ ለንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ የሸማቾችን ጉዳይ ለምትከታተሉ ኃላፊዎች፣

እንደምን ከረማችሁ። ቢሮ መጥቼ ወረፋ ከምይዝ እዚሁ ልጻፈው ብዬ ነው። ነገሩ የእኔ ብቻ ስላልሆነ ሌላውም ሰው ቢያነበው አይከፋም።

የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የራሴ ቢሮ የለኝም፤ የአራት ሱቆችንና የአንድ ካፌን ሒሳብ በወር እየተከፈለኝ እይዛለሁ። ሥራዬ ሁሉ ያለው ላፕቶፕ ላይ ነው። ሰኔ ሊያልቅ ሲል የድሮው ላፕቶፔ ጭራሹን አልነሳም አለ። ሐምሌ ለሒሳብ ሠራተኛ ምን ዓይነት ወር እንደሆነ ለእናንተ አላስረዳም። ሳልውል ሳላድር ያለኝን ሁሉ አራግፌ፣ 42 ሺህ ብር ይዤ ገበያ ወጣሁ።

የገዛሁት ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480 ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ የቢሮ ላፕቶፕ። ዕቃው ክፉ አይደለም፣ እውነት ለመናገር እስካሁን እወደዋለሁ። ኪቦርዱ ቀኑን ሙሉ ቢጽፉበት አያሰለችም፣ ሚሞሪ ለመጨመር አይቸገሩም፣ ሁለት ባትሪ አለው፦ አንዱ ውስጥ ተገጥሞ የተዘጋ፣ ሌላው ከሥር ተነቅሎ የሚቀየር። ሻጩም ይህን ሁሉ ነገረኝ። «እህቴ፣ ከዱባይ የገባ ነው፣ ስላይትሊ ዩዝድ፣ አገር ውስጥ አንድ ቀን አልተሠራበትም። ባትሪው 5 ሰዓት ይይዝልሻል።» ደረሰኝ ስጠይቀው ፊቱ ትንሽ ጠቆር አለ፣ ግን ቆረጠልኝ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

በማግስቱ መብራት ጠፋ። 5 ሰዓት የተባለው ባትሪ 50 ደቂቃ እንኳን አልሞላም። እሺ፣ ባትሪ ይቀየራል ብዬ ተውኩት።

በሦስተኛው ቀን ግን አንድ ኮምፒውተር የሚሠራ የሰፈር ልጅ፣ ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ፕሮግራም ከመጫናችን በፊት ዊንዶውሱን እንደ አዲስ እንጫነው አለኝ። ጫነው፣ ዋይፋይ አገናኘው፣ ትንሽ አሰበና ስክሪኑ ላይ የማላውቀው የውጭ አገር ድርጅት ስምና ዓርማ መጣ። እንኳን ደህና መጡ ይላል። ከዚያ የድርጅቱን ኢሜይልና የይለፍ ቃል አስገቢ ይላል። እኔ ቫይረስ መስሎኝ ነበር። ልጁ ግን ዝም ብሎ አየኝና «ይሄ እኮ የሰው ነው» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውጭ አገር ያሉ ድርጅቶች ላፕቶፕ በብዛት ሲገዙ የእያንዳንዱን ማሽን መለያ ማይክሮሶፍት ዘንድ በስማቸው ያስመዘግባሉ። ላፕቶፑ አርጅቶ ሲሸጥ ከመዝገቡ ማስወጣት አለባቸው፤ አንዳንዱ ይረሳዋል። ሀርድ ዲስክ ብትቀይሩ፣ ዊንዶውስ አሥር ጊዜ ብትጭኑ ምዝገባው አይጠፋም፣ ምክንያቱም ያለው ዲስኩ ላይ አይደለም። ማሽኑ እንደ አዲስ ተነስቶ ኢንተርኔት ባገኘ ቁጥር የቀድሞ ጌታውን ያስታውሳል። ማስወጣት ያለበት ያው ድርጅቱ ነው። ታዲያ ሱቅ ውስጥ ለምን አልታየም? ዊንዶውሱ የተጫነው ያለ ኢንተርኔት ነዋ።

ሱቁ ስመለስ የተሰጠኝ መፍትሔ ይህ ነበር፦ «ስትጭኚው ኢንተርኔት አታገናኚው፣ በቃ።» ደንበኞቼ የቀጠሩኝ የነሱን ሒሳብ እንድጠብቅ ነው፤ አንድ ቀን «የእኛ ነው» ሊለኝ የሚችል ማሽን ላይ እንዴት ላስቀምጠው? ይመለስልኝ ስል ደግሞ ጥያቄው መጣ። «የእኛ መሆኑን በምን አውቃለሁ? ሌላ ዕቃ ይዘሽ መጥተሽ ቢሆንስ?»

ደረሰኙን አወጣሁ። የሰው ደረሰኝ ሳገላብጥ የምውል ሴትዮ፣ የራሴን ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። «ላፕቶፕ፣ 1 ፍሬ» ይላል። ሞዴል የለም፣ ሴሪያል ቁጥር የለም። የደረሰኝ ማሽኑ ላይ ቀድሞ የተሞላው ስም እሱ ብቻ ነው አሉኝ።

በአዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ሸማች የገዛው ዕቃ ጉድለት ከተገኘበት በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። እኔ በአራተኛው ቀን ነው የሄድኩት። ሕጉ ከእኔ ጋር ነበር፣ ወረቀቱ ግን አልነበረም። ደግሞ ሻጩ ሙሉ በሙሉ አጥፍቷል አልልም። ዕቃ ለውጦ የሚመልስ ገዢም አይጠፋም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ትልቅ ነገር አይደለም። ያገለገለ ላፕቶፕ የሚሸጥ ሁሉ ከደረሰኙ ጋር ማኅተም ያረፈበት ግማሽ ገጽ ወረቀት እንዲያያይዝ አድርጉ። ሞዴሉና ሴሪያል ቁጥሩ ይጻፍበት። ሴሪያሉ ከላፕቶፑ ሥር የተለጠፈው ብቻ ሳይሆን ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም ከዊንዶውስ በፊት በሚነሳው የማሽኑ የራሱ ፕሮግራም ውስጥ፣ ያለውም ይሁን፤ ቲንክፓድ ሲነሳ ኤፍ1፣ ዴል ኤፍ2፣ ኤችፒ ኤፍ10 ሲጫን ይከፈታል። ሁለቱ ካልተመሳሰሉ ዋናው ሰሌዳ (ማዘርቦርዱ) ወይም ሽፋኑ ከሌላ ማሽን መጥቷል ማለት ነው። ባዮሱ የይለፍ ቃል ከጠየቀና ሻጩ ካላወቀው ደግሞ ከነጭራሹ አይሸጥ። ቲንክፓድ ላይ የዚያ ቁልፍ ኦፊሴላዊ መፍትሔ ዋናውን ሰሌዳ መቀየር ነው፣ ይህም ሌላ ላፕቶፕ ከመግዛት ብዙም አይተናነስም።

ፕሮሰሰሩ ስንተኛ ጀነሬሽን እንደሆነም ይጻፍ። ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ድጋፉ አብቅቷል፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በይፋ የሚቀበለው በጥቅሉ ከ8ኛ ጀነሬሽን ወዲህ ያለውን ነው። ቲ480 ሁሉ 8ኛ ነው ብሎ ማመን አይቻልም፤ 7ኛ የተገጠመለትም አለ፣ ከውጭ ሲታይ አንድ ናቸው።

ባትሪውም እንደዚሁ። ዊንዶውስ ውስጥ በአንዲት ትእዛዝ የባትሪ ሪፖርት ይወጣል፤ ሲሠራ ስንት ይይዝ እንደነበርና አሁን ስንት እንደሚይዝ ጎን ለጎን ያሳያል። የእኔን ሳየው የውስጡ ባትሪ ከ24 ሺህ ወደ 9 ሺህ ሚሊዋት-ሰዓት ወርዷል። ይህን ቁጥር ለመጻፍ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። የምዝገባው ጉዳይ ነው ጊዜ የሚወስደው፤ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ አስነስቶ ገዢው ፊት ኢንተርኔት ማገናኘት ያስፈልጋል። ይፍጅ፣ ቡና እየጠጣን እንጠብቃለን።

ቻርጀሩን እንዳትረሱብኝ። አንድ ደንበኛዬ ዴል ላቲቲዩዱ ተንቀራፈፈበትና ሦስት ጊዜ ፎርማት አስደረገው። ጥፋቱ የቻርጀሩ ነበር። ዴል ቻርጀሩን በመሀል ባለችው ቀጭን ሽቦ ካላወቀው ፕሮሰሰሩን ሆን ብሎ ያዘገየዋል፣ ባትሪውንም አይሞላም። ሲነሳ ማስጠንቀቂያ ይጽፋል፣ ማን ያነበዋል! አብሮ የተሸጠው ቻርጀር ኦሪጅናል ይሁን አይሁን በወረቀቱ ላይ ቢኖር ሰውየው ሦስት ጊዜ ባልከፈለ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ዘመቻ አትውጡብን። ሱቅ ታሽጎ የሚከርም ከሆነ ዋጋው ነው የሚጨምረው፣ ሻጮቹም ወደ ቴሌግራም ገብተው ያለ ምንም ደረሰኝ ይሸጡልናል። የምፈልገው ወረቀቱን ነው።

የእኔ ጉዳይ እንዴት አለቀ ካላችሁ፣ ሁለት ሳምንት ተመላልሼ 3 ሺህ ብር ጨምሬ በሌላ ቲ480 ለወጡልኝ። በዚህኛው ጊዜ የስልኬን ኢንተርኔት ከፍቼ እዚያው ቁጭ ብዬ አስነሳሁት። የማንም ስም አልመጣም። ከዚያ ሴሪያል ቁጥሩን በራሴ እስክሪብቶ ደረሰኙ ጀርባ ላይ ጻፍኩና ፈርምበት አልኩት። ሻጩ እየሳቀ ፈረመ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ፣ አዲስ አበባ