የዘጋቢውን ጉዞ ማን እንደከፈለ ይጻፍልን

ይድረስ ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ዘጋቢያችሁ ከልዑካን ቡድን ጋር ወደ ውጭ ተጉዞ የላካቸውን የስፖርት ዘገባዎች በየሳምንቱ አነባለሁ። ውጤቱም፣ ሰዓቱም፣ የአሠልጣኙ አስተያየትም ተሟልቶ ይቀርባል፤ የአውሮፕላን ትኬቱን ማን እንደቆረጠ ግን አንድም ቀን ተጽፎ አላየሁም። ይህን እንደ ጥቃቅን ነገር እንዳታዩብኝ፣ ከራሳችን አትሌቶች ታሪክ ልጀምር (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

በ2010 የለንደን ማራቶን አሰለፈች መርጊያ ሦስተኛ ሆና ስትገባ ከፊቷ የነበሩት ሩሲያውያኑ ሊሊያ ሾቡክሆቫና ኢንጋ አቢቶቫ ነበሩ፤ የሁለቱም ውጤት በአበረታች ንጥረ ነገር ምክንያት ከዓመታት በኋላ ሲሰረዝ አሸናፊነቱ ለአሰለፈች ሆነ። በቺካጎም በ2010 አፀደ ባይሳ፣ በ2011 ደግሞ እጅጋየሁ ዲባባ ከዚህችው ሾቡክሆቫ ቀጥለው ሁለተኛ ከገቡ በኋላ አንደኝነቱን ያገኙት በወረቀት ነው። ሦስቱም ክሩን በደረታቸው ሳይበጥሱ፣ ሕዝብም ሳያጨበጭብላቸው ያሸነፉ አትሌቶች ናቸው።

የሾቡክሆቫን ጥፋት የደረሱበት የደም ምርመራ ባለሙያዎች ነበሩ። ቅጣቱ ለምን እንደዘገየ ያወጡት ግን ጋዜጠኞች ናቸው፤ በታኅሣሥ 2014 ሀዮ ዜፔልት በጀርመኑ ኤአርዲ ቴሌቪዥን ባቀረበው ዘጋቢ ፊልም፣ ሯጯ ጉዳይዋ ተሸፋፍኖ በ2012ቱ የለንደን ኦሊምፒክ እንድትሮጥ 450,000 ዩሮ መክፈሏ ተገለጠ። (ያን ማራቶን ያሸነፈችው የእኛዋ ቲኪ ገላና ስትሆን ከፋይዋ አቋርጣ ወጥታለች።) በቀጣዩ ዓመት ኤአርዲ ከእንግሊዙ ሰንዴይ ታይምስ ጋር ሆኖ ስለ አትሌቶች የደም ምርመራ ውጤቶች ሲዘግብ፣ በወቅቱ የዓለም አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩት ሴባስቲያን ኮ ዘገባውን በስፖርታቸው ላይ የታወጀ ጦርነት ብለውት ነበር። የፌዴሬሽኑ የቀድሞ ፕሬዚዳንት ላሚን ዲያክ ግን በ2020 በፓሪስ ፍርድ ቤት በሙስና ጥፋተኛ ተብለው፣ ሁለቱ በገደብ የሆነ የአራት ዓመት እስራት ተፈረደባቸው።

እንዲህ ያለ ሥራ በአንድ ሰው ድፍረት ብቻ አይቆምም። ከ1997 ጀምሮ ከዴንማርክ የሚንቀሳቀሰው ፕሌይ ዘ ጌም የተባለ ተቋም፣ ጋዜጠኞችን፣ ተመራማሪዎችንና ምስጢር አጋላጮችን በየጊዜው በአንድ አዳራሽ እያገናኘ የስፖርት ባለሥልጣናት እንዲነሱ የማይፈልጓቸውን ጥያቄዎች ያስነሳል። በ1924 በፓሪስ የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የስፖርት ጋዜጠኞች ማኅበርም የራሱ ድርሻ አለው፤ ይሁንና መቀመጫው ከዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ጋር በአንድ ከተማ፣ በሎዛን መሆኑን ሳስብ፣ ለእኛ የሚሻለን የዴንማርኮቹ መንገድ ይመስለኛል። አደጋውም ከአህጉራችን የራቀ አይደለም፤ የጋናን እግር ኳስ ሙስና በድብቅ ካሜራ ካጋለጠው ቡድን አባላት አንዱ የነበረው አህመድ ሁሴን ሱዋሌ በጥር 2019 አክራ ውስጥ በጥይት ተገድሏል።

እኔም ለጥቂት ዓመታት በአንድ ኤፍኤም ጣቢያ የስፖርት ፕሮግራም አዘጋጅ ነበርኩ። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ የስፖርት አካል በሆቴል አዳራሽ መግለጫ ሲሰጥ በር ላይ ስማችንን ጽፈን እንፈርምና ፎልደር ይሰጠን ነበር። ፎልደሩ ውስጥ አንድ ገጽ መግለጫ፣ እስክሪብቶና ነጭ ፖስታ አለ። ፖስታው «የትራንስፖርት» ይባላል፤ በእግሬ አሥር ደቂቃ ተጉዤ ለመጣሁት ለእኔም ተሰጥቶኛል፣ ተቀብዬማለሁ። በዚያን ቀን ስለዚሁ አካል የሒሳብ ምርመራ ልጠይቅ ይዤው የሄድኩትን ጥያቄ ከነማስታወሻዬ ይዤው ተመለስኩ። አትጠይቅ ያለኝ ሰው ግን አልነበረም።

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ዘጋቢያችሁ በፌዴሬሽን፣ በክለብ ወይም በስፖንሰር ወጪ በተጓዘ ቁጥር ከዘገባው ግርጌ «የዘጋቢው የትኬትና የሆቴል ወጪ የተሸፈነው በእገሌ ነው» የሚል አንድ መስመር ይታተም። ቦታ ይጠባል የምትሉ ከሆነ፣ በዚያው ገጽ ከሚወጣው የውርርድ ድርጅት ማስታወቂያ ጥቂት ሚሊ ሜትር መቀነስ ይበቃል።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ
ከአዲስ አበባ