አጥሩ ጋ ስትደርሱ፦ ለደንበኞቻችን

ውድ ደንበኞቻችን፣

የአደን ወቅት ሊከፈት ነው፤ ስልካችንም ዕረፍት አጥቷል። አብዛኞቻችሁ የምትጠይቁን ያው አንድ ነገር ነው፦ «የመንግሥት ፈቃድ አውጥቻለሁ፤ ሌላ ምን ቀረኝ?»

የቀራችሁ ባለመሬቱ ነው። የመንግሥት ፈቃድ የቱን እንስሳ፣ መቼና በምን መሣሪያ እንደምታድኑ ይወስናል እንጂ ሰው መሬት ውስጥ አያስገባም። ባለመሬቱም በበኩሉ «ግቡ» ስላለ ብቻ የተዘጋ ወቅት አይከፈትም። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

«ሌላ አገር እኮ እንዲህ አይደለም» የሚሉንም አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ይለያያል። ጀርመን ውስጥ የማደን መብት ከመሬት ባለቤትነት ጋር የተያያዘ ነው፤ ግን መሬቱ ለብቻው የአደን ክልል እንዲሆን ቢያንስ 75 ሄክታር የተያያዘ ስፋት ይጠየቃል። ስዊድን ማንም በሰው ጫካ ውስጥ ቢንሸራሸር፣ እንጉዳይ ቢለቅም ግድ የላትም። አደን ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በአንዳንድ የአሜሪካ ግዛቶች ደግሞ ዛፍ ላይ የተቀባ ወይን ጠጅ ቀለም ብቻውን «አትግቡ» ማለት ነው። ስለዚህ የምትሄዱበትን ቦታ ሕግ እንጂ የለመዳችሁትን አትያዙ።

አሁን ወደሚያሳስበን ነገር እንምጣ። ባለፈው ወቅት አንድ ደንበኛችን አመሻሽ ላይ ተኮሰ። እንስሳው ቆሰለ እንጂ አልወደቀም። አጥሩን ዘሎ ጎረቤት መሬት ገባ። ሽቦው ላይ ደምና ጥቂት ፀጉር ቀርቷል። ደንበኛችን ጠመንጃውን እንዳነገተ ተሻግሮ ዱካውን ተከተለ። ክፋት አልነበረበትም፤ ቁስለኛ እንስሳ ጥሎ መሄድ ነውር ሆኖበት ነው። ጎረቤትየው ያየው ግን በድንግዝግዝ ጠመንጃ ይዞ ወደ ቤቱ የሚመጣ የማያውቀውን ሰው ነው። ልጆቹ ደጅ ነበሩ።

ግዳዩ ተገኘ። እኛ ግን ደንበኞቻችንን የምናሳድንበትን መሬት አጣን። ባለመሬቱ ከጎረቤቱ መቀያየም አልፈለገም፤ አንፈርድበትም። ደግሞ ጥፋቱ የእኛም ነበር፤ ለደንበኛችን የጎረቤቱን ስልክ አልሰጠነውም።

እንዲህ ሲገጥማችሁ አጥሩ ጋ ቁሙ። እንስሳውን መጨረሻ ያያችሁበትን ቦታ ምልክት አድርጉ፣ ሰዓቱን ያዙ፣ ጥይቱን ከጠመንጃው አውጡ። ከዚያ ለጎረቤቱ ደውሉ። አንዳንድ ቦታ መሣሪያ ሳይዙ ገብቶ ቁስለኛውን መፈለግ ይፈቀዳል፤ ሌላ ቦታ ግን አንድ እርምጃም አይፈቀድም። እኛ የምንሠራው በጥብቁ ነው።

ጥይትም አጥር አያውቅም። ትንሿ የ22 ካሊበር ጥይት እንኳ ወደ ላይ ከተተኮሰች ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ልትሄድ ትችላለች። ኮረብታ ጫፍ ላይ ቆሞ ከጀርባው ሰማይ ብቻ የሚታይ እንስሳ ላይ አትተኩሱ። ከኋላው አፈር ይኑር።

በር እንዳገኛችሁት ተዉት። ክፍት ያገኙትን በደግነት የሚዘጉ አሉ፤ ከብቶቹ ወደ ውኃ የሚወርዱት በዚያው በር ሊሆን ይችላል። ቀለህ ልቀሙ። በእርሳስ ጥይት ካደናችሁ የሆድ ዕቃውን ሜዳ ላይ አትተዉ፤ ስብርባሪውን የበላ አሞራና ንስር ይመረዛል። ካሊፎርኒያ በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. ከ2019 አጋማሽ ጀምሮ ለአደን የእርሳስ ጥይት ከልክላለች።

ዘንድሮ ከጉዟችሁ በፊት የጽሑፍ ፈቃድ እንልክላችኋለን። ስማችሁ፣ ቀኑ፣ የእንስሳው ዓይነት፣ የመሬቱ ወሰን እና በዙሪያው ያሉ ጎረቤቶች ስልክ ይኖሩበታል። በወረቀት አትማችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ያዙት፤ ጫካ ውስጥ ኔትወርክ አይታመንም። ጓደኛ ይዛችሁ የምትመጡ ከሆነም ቀድማችሁ ንገሩን። ፈቃዱ በስማችሁ ነው እንጂ በመኪናችሁ ወንበር ልክ አይደለም።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባልደረቦች