አባባ፣ ምን አድርገህ ነው ይቅርታ የምትጠይቀው?

አሰላሙ ዓለይኩም አባባ።

ጉልበትህ እንዴት ነው? ብርዱ በረታብህ ወይስ ተሻለህ? ይህን ደብዳቤ ወንድሜ ቀስ ብሎ እንዲያነብልህ ነግሬዋለሁ፣ መነጽር ፍለጋ እንዳትነሳ። ፊት ለፊት ሳነሳብህ "ተይው ልጄ" ብለህ ወሬ ትቀይርብኛለህ። ስለዚህ ጻፍኩት።

የምለምንህ አንድ ነገር ነው። በማታውቀው ሰው ጥፋት ይቅርታ መጠየቅህን ተው።

ባለፈው ፉሪ ስመጣ ዜና ተከፍቶ ነበር። የፊት ለፊቷ ጎረቤትህም ቡና ልትጠጣ ገብታለች። የሆነ አገር ቦምብ ፈንድቷል። ዜና አንባቢው ጥቃቱን ማን እንዳደረሰው ገና አልታወቀም እያለ ነው፣ ከጎኑ የሚታየው ምስል ግን ጁምዓ የሚሰግዱ ሰዎች ናቸው። ሱጁድ ላይ ናቸው፣ ፊት አይታይም፣ የተደረደረ ጀርባ ብቻ። ያፈነዳው ሰው ሳይታወቅ የሰጋጅ ጀርባ ምን ሊያደርግ እዚያ መጣ? አንተ ግን ይህን አልጠየቅክም። ሪሞቱን አንስተህ ድምፁን ቀነስክና ወደ እሷ ዞረህ "አውፍ በሉን እንግዲህ፣ እነዚህ ሰዎች አዋረዱን" አልካት። ሲኒውን እንደያዘች ደንግጣ "ሐጂ፣ እርስዎ ምን አድርገው?" አለችህ።

እኔም የሷን ጥያቄ ነው የምደግምልህ። ዕድሜህን ሙሉ መርካቶ ጨርቅ ስትሸጥ ግማሽ ሜትር አጉድለህ የማታውቅ ሰው ነህ። የእድሩ ገንዘብ አንተ ዘንድ ሲቀመጥ ሰው ተኝቶ ነው የሚያድረው። ምን አድርገህ ነው?

ይህን ለመጻፍ ያስቸኮለኝ ደግሞ ልጄ ነው። ክፍል ውስጥ ልጆች ስለ አንድ ጥቃት ሲያወሩ ማንም ሳይጠይቀው ብድግ ብሎ "እኛ ግን እንደዚያ አይደለንም" አለ። የነገረችኝ አስተማሪው ናት፣ እሷስ ልታመሰግነው ነው። እኔ ግን ሆዴ ባባ። በዚህ ዕድሜው ማንም ላልከሰሰው ክስ መከራከር ጀምሯል። ከማን እንደተማረው አውቃለሁ አባባ፣ አትቀየመኝ።

አንተ መቼ እንደጀመርክም አስታውሳለሁ። ሚያዝያ 2007 ነው፣ አይሲስ ሊቢያ ውስጥ ወንድሞቻችንን ክርስቲያን ስለሆኑ ገድሎ ቪዲዮውን የለቀቀ ጊዜ። አገር ሁሉ አለቀሰ፣ አንተም አለቀስክ። ለቅሶ ልትደርስ ሄደህ ግን እንደ ሐዘንተኛ ሳይሆን እንደ ጥፋተኛ ድንኳኑ ጥግ ላይ ተቀመጥክ። ክፉ የተናገረህ ሰው አልነበረም፣ እንዲያውም ወደ መሀል ግባ ብለው ቦታ ለቀውልሃል። ከዚያ ወዲህ ግን ዜና በሰማህ ቁጥር አንገትህን ትደፋለህ።

አልዋሽህም፣ ገዳዮቹ የአላህን ስም እየጠሩ ነው የገደሉት። ይህን መካድ ሟቾቹንም መበደል ነው። ለነሱ በዲን መልስ መስጠት የዑለሞች ሥራ ነው፣ ሲመልሱላቸውም ሰምተናል። ግን አባባ፣ እነዚህ ሰዎች የኛ ጠበቃ ነን ይበሉ እንጂ ማንን እንደሚጨርሱ አይተሃል አይደል? ጥቅምት 4 ቀን 2010 ሞቃዲሾ ውስጥ ሰው በሚርመሰመስበት መስቀለኛ መንገድ ላይ ፈንጂ የተጫነ መኪና ፈንድቶ ከ500 ሰው በላይ አለቀ። ሥራ ውሎ ወደ ቤቱ የሚሄድ፣ ዕቃ የሚሸጥ፣ ትራንስፖርት የሚጠብቅ ሰው ነው። ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም ሙስሊም ናቸው። ለነዚያ ሰዎች ማን ይቅርታ ጠየቃቸው?

ከዚያ በፊት ታኅሣሥ 2008 ላይ የሆነውን ደግሞ በደንብ ስማልኝ፣ ምክንያቱም ይህኛውን ቤታችን ውስጥ ሲወራ ሰምቼ አላውቅም። ማንዴራ ከኛ ድንበር አጠገብ ያለች የኬንያ ከተማ ናት። ወደዚያ የሚሄድ አውቶብስ መንገድ ላይ አልሸባብ አስቆመው። ሙስሊሞቹ በአንድ በኩል፣ ክርስቲያኖቹ በሌላ በኩል ሁኑ አሉ። ምን ሊከተል እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፣ ከዓመት በፊት እዚያው አካባቢ እንደዚሁ ለይተው ገድለዋል። ሙስሊሞቹ አንለያይም አሉ። ሴቶቹ ሒጃባቸውን እያወለቁ ክርስቲያን እህቶቻቸውን አለበሷቸው። ከገደላችሁ ሁላችንንም ግደሉን፣ ካልሆነ ተዉን አሏቸው። ሳላህ ፋራህ የሚባል የትምህርት ቤት መምህር እዚያ ላይ ተመትቶ ሆስፒታል ገባ፣ ከሳምንታት በኋላ ሞተ። እሱም ሙስሊም ነው። ሰው "ሙስሊም" ሲል ስለ ገዳዮቹ ብቻ የሚያስበው የመምህሩን ወሬ የነገረው ስለሌለ ነው። አንተም እንደዚያው ሆነህብኛል።

ይህ የኔ የብሶት ወሬ ብቻ አይደለም፣ ተጠንቷል። በፈረንጆቹ ከ2006 እስከ 2015 አሜሪካ ውስጥ የደረሱ የሽብር ጥቃቶችን ያዩ ተመራማሪዎች፣ የሞተውን ሰው ብዛት ጭምር ከግምት አስገብተው፣ አጥፊው ሙስሊም ሲሆን የሚወጣው ዜና ከሌላው በ357 በመቶ እንደሚበልጥ አግኝተዋል። ሰው ክፉ ሆኖ እኮ አይደለም የሚፈራን፣ ጠዋትም ማታም አንድ ዓይነት ነገር ካሳየኸው ምን ያድርግ?

በፈረንጆቹ 1995 አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ላይ ሕንፃ በፈንጂ ተደርምሶ 168 ሰው ሲሞት ወሬው ሁሉ መጀመሪያ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ሰዎች ነበር የዞረው። የተያዘው ግን ቲሞቲ ማክቬይ የሚባል የአሜሪካ ጦር የቀድሞ ወታደር ነው። በፈረንጆቹ 2011 ኖርዌይ ውስጥ 77 ሰው ሲገደልም ገና ደሙ ሳይደርቅ አልቃይዳ ነው ያሉ ነበሩ። ገዳዩ የዚያው አገር ተወላጅ፣ ያውም ሙስሊም የሚጠላ ሰው ሆኖ ተገኘ። ታዲያ አንድ የኖርዌይ ሽማግሌ ጎረቤቱ ቤት ሄዶ አውፍ በሉኝ ብሎ ይሆን? አይመስለኝም። ማንም አይጠብቅበትም፣ መጠበቅም የለበትም።

እኛም አገር ያየነው ነው። ሙስሊሙ መንግሥት በሃይማኖታችን ጣልቃ አይግባ ብሎ "ድምፃችን ይሰማ" ሲል የነበረ ጊዜ፣ የታሰሩት የኮሚቴው አባላት ጉዳይ ገና ፍርድ ቤት እያለ፣ ጥር 2005 ላይ የመንግሥት ቴሌቪዥን እነሱን አሸባሪ አድርጎ የሚያቀርበውን "ጅሃዳዊ ሐረካት" የሚለውን ፊልም አሳየ። ፍርድ ቤቱ ውሳኔ የሰጠው ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ቴሌቪዥኑ ግን በአንድ ምሽት ፈርዶ ጨረሰ። በነጋታው ሥራ ቦታ ስገባ ወሬ ቆመ። አብረውኝ ምሳ የሚበሉ ልጆች ናቸው፣ የሻሼን ቀለም ሳይቀር የሚያውቁ። አንዳቸውም ክፉ አልተናገሩኝም፣ ዝም ብቻ አሉ። ያ ዝምታ እስካሁን ይከነክነኛል።

በሌላ መንገድ መዘገብ ደግሞ ይቻላል። መጋቢት 2011 ኒውዚላንድ ውስጥ ሁለት መስጂድ ላይ 51 ሰው የተገደለ ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትሯ ጃሲንዳ አርደርን የገዳዩን ስም አልጠራም አሉ፣ ይልቅ የሞቱትን ሰዎች ስም ጥሩ አሉ። መሪ ይህን ካለ ጋዜጠኛ ለምን ያቅተዋል?

ያን የሱጁድ ምስል ወዳሳየው ጣቢያ ደውዬላቸዋለሁ፣ አልነገርኩህም እንጂ። ስልኩን ያነሳው ልጅ በትሕትና ሰማኝና "ከማኅደር የተገኘው እሱ ስለሆነ ነው" አለኝ። በክፋት ያደረጉት አይመስለኝም። ግን በቸልታ የተለጠፈ ምስልም አንተን ሳሎንህ ውስጥ አንገት ያስደፋል፣ ይህን ነግሬዋለሁ። እናያለን።

አሁን ወደ ራስህ ልመልስህ። ታኅሣሥ 2012 ሞጣ ላይ መስጂዶች ሲቃጠሉ ያቺው ጎረቤትህ ማልዳ መጣች። አፍራ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ፣ ምን እንደምትል ጠፍቷት በር ላይ ቆመች። ያኔ የተናገርከውን እኔ ጆሮዬ ሰምቷል። "አንቺ ክብሪት ይዘሽ ሄድሽ እንዴ? ባለጌ ላቃጠለው አንቺን ማን ጠየቀሽ? ግቢ፣ ቁጭ በይ" አልካትና ቡና አስፈላህ። ልጇን ስትድርም የሙስሊም እንግዶቿን በግ እንድታርድላት የጠራችው አንተን ነው፣ ከሰፈሩ ሰው ሁሉ አንተን። በእናንተ መሀል ቴሌቪዥን የሚያበላሸው ነገር የለም፣ አንተው ራስህ ካላበላሸኸው።

ለሷ ወዲያው የፈረድክላትን ለራስህ ለምን ትከለክላለህ? እሷ የሞጣው እሳት ካልነካት፣ አንተንም የሊቢያው ቢላ አይነካህም። ደግሞ ይቅርታ በጠየቅክ ቁጥር፣ ሳታውቀው፣ ያ ሰውዬ የኛ ነው እያልክላቸው ነው። የኛ አይደለም።

እዘን፣ ማዘንህን ማንም አይከለክልህም። ሰው ሲሞት ሄደህ ድረስ፣ አልቅስ፣ ዱዓ አድርግ። ድንኳን ስትገባ ግን መሀል ተቀመጥ። ዜናው ሲመጣ ድምፁን አትቀንስ፣ ጎረቤትህም ትስማ፣ "እስቲ ማን አደረገው ይላሉ?" ብላችሁ አብራችሁ ስሙት። እሷ የማትፈራህን አንተ ስለምን ትፈራለህ?

መድኃኒትህን ለወንድሜ ሰጥቼዋለሁ፣ ነጩን ማታ ብቻ ነው የምትወስደው። ከአያት ፉሪ ድረስ ያለው ታክሲ እንደምታውቀው ነው፣ ስለዚህ ለዒድ ቀደም ብለን እንመጣለን፣ ልጄም ሳምንቱን አንተ ጋ ይቆያል ኢንሻአላህ። ማታ ማታ ታሪክ ንገረኝ ማለቱ አይቀርም። የማንዴራውን መምህር ንገረው። እኔ ስነግረው እናት ናት ብሎ ያልፈዋል፣ አንተ ስትነግረው ግን ለክፍል ጓደኞቹም ያወራላቸዋል።

የምትወድህ ልጅህ