ቡችላዋ ስለቦረቀች ስፌቷ ድኗል ማለት አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የማምከን ቀዶ ሕክምና የተደረገላት ቡችላ ስፌቷ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ቤት ከገባች በኋላ ነው፤ ያውም ባለቤቱ «አሁንማ ደህና ናት» ብሎ ልቡን ባሳረፈበት ሰሞን።

ማደንዘዣው በአንድ ቀን ገደማ ይለቃታል። በሦስተኛው ቀን መሮጥና መዝለል ያምራታል። ቁስሉ ግን ገና ነው። ከላይ የሚታየው ክር ቆዳውን ብቻ ነው የያዘው፤ ከሥሩ የሆድ ግድግዳው ተከፍቶ ለብቻው ተሰፍቷል። ስትዘል የሚወጠረው ይኸው የማናየው ስፌት ነው፤ እሱ ከለቀቀ ስብ ወይም አንጀት ወደ ቆዳው ሥር ይወጣል። ስለዚህ ከ10 እስከ 14 ቀን ድረስ ለሽንት ስትወጣ በገመድ ተይዛ ትውጣ፤ ደረጃ አትሩጥ፣ ከሌላ ውሻም ጋር አትታገል።

ቁስል ሲድን ያሳክካል። ብዙ ሰው ስፌቱን እንዳትልስና እንዳትነክስ አንገቷ ላይ የታሰረውን፣ ጭንቅላቷን ዙሪያውን የሚከልለውን የፕላስቲክ ኮን አሳዝናው የሚያወልቅላት ልክ በዚህ ጊዜ ነው። ክሩን በጥርሷ ለመበጠስ ጥቂት ደቂቃ ይበቃታል። «ምላሷ ያድናታል» የሚባለውም ትክክል አይደለም፤ መላስ ቁስሉን ያረጥባል፣ ይፈገፍጋል፣ የአፍ ባክቴሪያም ያስገባበታል። ኮኑ ከአፍንጫዋ ጫፍ ጥቂት ሴንቲሜትር አልፎ ይውጣ፤ አንገቷ ላይ ደግሞ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑረው። ማታም አይወልቅ። መብላት ካስቸገራት አጠገቧ ሆኖ ማውለቅ፣ እንደጨረሰች መልሶ ማሰር ነው።

ስፌቱን ጠዋትና ማታ ብርሃን ባለበት በጀርባዋ አስተኝቶ ማየት ያስፈልጋል። በየቀኑ በስልክ ፎቶ ማንሳት በጣም ይረዳል፤ ቀስ በቀስ የሚመጣ ለውጥ ለዓይን አይታወቅም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጠርዙ ትንሽ ቢቀላ፣ ቢያብጥ ወይም ቢበልዝ አያስደነግጥም። መግል፣ መጥፎ ሽታ፣ እየጨመረ የሚሄድ መቅላትና ትኩሳት፣ የሚንጠባጠብ ደም ወይም የተከፈተ ጠርዝ ከታየ ግን ሐኪም ይያት። ለስላሳና የማያም እብጠት እንቅስቃሴ በዝቶባት የተጠራቀመ ፈሳሽ ሊሆን ይችላል። የውስጡ ስፌት ሲለቅም እንዲሁ ያብጣልና ሐኪም ሳይዳስሰው አይጨመቅ፣ በመርፌም አይወጋ።

አልኮልና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አዲስ የሚበቅለውን ሥጋ ስለሚጎዱ አይነኩት። ሐኪም ያላዘዘው ቅባትም አይቀባ። ገላዋን መታጠብ ክሩ እስኪወጣ ይቆያል። ቆሻሻ ከነካው 9 ግራም ጨው የሟሟበት 1 ሊትር የፈላና የቀዘቀዘ ውኃ አዘጋጅቶ፣ በንጹሕ የቁስል መጥረጊያ ጨርቅ ሳይፈትጉ መጥረግና ማድረቅ ይበቃል።

የሰው ማስታገሻ ፈጽሞ አይሰጣት። አይቡፕሮፌን ጨጓራዋንና ኩላሊቷን፣ ፓራሲታሞል ደግሞ ጉበቷንና ቀይ የደም ሴሎቿን ይጎዳል።

ድዷ ከነጣ፣ ከደከመችና ሆዷ ከተነፋ ውስጧ እየደማ ሊሆን ይችላልና ሰዓት አይባክን። በቁስሉ በኩል የውስጥ አካል ብቅ ካለ መልሶ ለመክተት አይሞከር፤ በዚያው የጨው ውኃ በራሰ ንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ፣ ኮኑን አስሮ ወዲያው ወደ ሐኪም ነው።

የሙያ አጋሮቼም ቡችላዋን ስትመልሱ ክሩ በራሱ የሚሟሟ ይሁን ወይም የሚነቀል፣ የሚነቀል ከሆነም የትኛው ቀን እንደሆነ በወረቀት ጻፉላቸው። በቃል የተነገረው ቤት እስኪደርሱ ይረሳል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የእንስሳት ሐኪም