የራስ መኮንን ፈረስ

ውድ እማዬ፣

ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ። ባለፈው ስልክ ላይ «ቅዳሜና እሁድ የት ጠፋህ?» ስትዪኝ በደንብ አልመለስኩልሽም። ለመናገር ትንሽ ያሳፍራል። አሻንጉሊት ወታደር ሳጫውት ነበር።

አትሳቂ አቦ! እዚህ ጡረታ የወጡ ፂማም ሽማግሌዎች ሳይቀሩ የሆቴል አዳራሽ ተከራይተው ሦስት ቀን ሙሉ ጦርነት ይጫወታሉ። ወታደሩ ቁመቱ 28 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከትንሽ ጣትሽ ያጥራል። ድሬ ደቻቱ አሸዋ ላይ በቆርኪ ስንዋጋ ትዝ ይልሻል? ያው እሱ ነው፣ ቆርኪው ቀለም ተቀብቶ። እንደ ሉዶ ዳይስ ይወረወራል፣ ጦሩ የሚሄደው ርቀት ደግሞ በሜትር ይለካል። ዳኛው እኔ ስለነበርኩ እንደ ሐረር መኪና ግርግር ሰፈር ልብስ ሰፊዎች ሜትሬን አንገቴ ላይ ጥዬ ዋልኩ።

ያቀረብኩት ዓድዋን ነው። ሙሉውን አይደለም፣ መቶ ሺህ ሠራዊት ቀብቶ ማን ይዘልቀዋል? የጣሊያኑን ጄኔራል የአልቤርቶኔን ብርጌድ ብቻ ወሰድኩ። አራት ሺህ ገደማ ሰው ነው፣ አብዛኛው አስካሪ፣ ማለት ለጣሊያን የተዋጋ የኤርትራ ሰው። አንዱ አሻንጉሊት ለ40 ሰው ይቆማል፤ በጠቅላላው መቶ ቀባሁ። ፊታቸውን ስቀባ እጄ ይከብደኝ ነበር። የእኛው መልክ እኮ ነው። በእኛ ወገን የወደቀው ደግሞ ከኋላ አዲስ ጦር ሆኖ ይገባል፣ አለዚያ ቁጥሩ አይሞላም።

መንገድ ላይ ግን ጉድ ሆንኩ። ፍሬን ስይዝ ካርቶኑ ተገለበጠ። ጠመንጃው ሁሉ ተጣመመ፣ የራስ መኮንን ፈረስ የፊት እግሩ ተሰበረ። ኮሪደር ላይ ቁጭ ብዬ በሱፐር ግሉ ስይዘው አውራ ጣቴ ከፈረሱ ጋር ተጣበቀ። አምስት ደቂቃ ሙሉ ሰው ሲያልፍ ሲያገድም ፈረስ ይዤ «ሃይ» እላለሁ።

ጨዋታው ላይ አንድ ተንኮል ሠራሁ። የካቲት 23 ቀን 1888 ሊነጋጋ ሲል አልቤርቶኔ ኪዳነ ምሕረት የሚባለውን ተራራ እንዲይዝ ታዞ ነበር፤ ጣሊያኖቹ የያዙት ንድፍ ካርታ ግን ሌላውን ተራራ ኪዳነ ምሕረት ብሎት ነበር። አልቤርቶኔ እዚያ ሲደርስ መንገድ መሪው ትክክለኛው ገና ወደፊት ነው አለው፣ እሱም ገፍቶ ሄዶ ከሌሎቹ ብርጌዶች ተነጠለ። እኔም አልቤርቶኔ ለሆነው ሰውዬ ያንኑ ስህተት የያዘ ካርታ ሰጠሁት። ብቻውን መቅረቱ ሲገባው ጠረጴዛውን በቡጢ መታው። «አጭበርብረኸኛል!» አለኝ። ታሪኩን ስነግረው ግን ካርታውን አጥፎ ኪሱ ከተተው፣ ለማስታወሻ ይሁነኝ ብሎ።

ቢሆንም የጣሊያኖቹ መድፎች ጨረሱን። ዳኛ ነኝና ፊቴ ላይ እንዳይታወቅብኝ ስታገል ውስጤ ግን ራደ። ያዳነን የእቴጌ ጣይቱ ዳይስ ነው። ምኒልክ ሲያመነቱ እሷና ራስ መንገሻ ገፋፍተዋቸው 25,000 ተጠባባቂ ጦር አስገቡ ይባላል፣ ስለዚህ አምስት ወይም ስድስት ከወጣ ጦሩ ይገባል የሚል ደንብ ጽፌ ነበር። የወረወረችው ራስ መኮንንን የያዘችው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ናት። ስድስት! አዳራሹ ዞሮ እስኪያየን ጮኽኩ። ዳኝነቱ እዚያ ላይ አበቃ።

በኋላ ልጅቷ «ይሄ ባለፈረሱ ማነው?» አለችኝ። የሐረር ገዥ ነበር፣ ጦሩን ይዞ ከእኛ አገር እዚያ ድረስ የሄደ ነው አልኳት። ሐረር የት እንደሆነ በሜትሬ ጠረጴዛው ላይ ልለካላት ሞከርኩ፣ ሦስተኛው ወንበር ጋ ደረስኩ።

እንግዲህ ልለምንሽ። ባቢ ሐረር ሲወጣ ጀጎል ውስጥ ሸሪፍ ሙዚየም ጎራ ይበል። የድሮ ጋሻ ካለ ፎቶ ያንሳልኝ፣ ከፊትም ከኋላም፣ ብርሃን ባለበት። ቆዳው ቀላ ይላል ወይስ ይጠቁራል? እኔ በግምት ነው የቀባሁት። ብር ከላክሁት ላይ ለመኪና ስጪው፣ ለጫት እንዳያደርገው ብቻ።

ፈረሱ አሁንም ትንሽ ያነክሳል።

ልጅሽ