መብራቱ እያለ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበትክ አባዬ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

እሁድ ዕለት "እናንተ አገር ቤዝቦል አቻ የሚባል ነገር የለውም አሉ፣ እውነት ነው?" ስትለኝ ኔትወርኩ ጥሎን ሄደ። ጥያቄህ ስላላስተኛኝ በደብዳቤ ልመልስልህ። እህቴ ታነብልሃለች።

እውነት ነው፣ ከሞላ ጎደል የለም። እስኪሸናነፉ ይጫወታሉ። ግን እዚሁ ፊላዴልፊያ አንድ ጉድ ተፈጥሯል። 21ኛ መንገድ ላይ አሁን ቤተ ክርስቲያን ያለበት ቦታ ድሮ ሻይብ ፓርክ የሚባል ስታዲየም ነበር። ቀኑ በእነሱ ጁላይ 21፣ 1945፣ በእኛ ሐምሌ 14 ቀን 1937። አንተ የተወለድክበት ዓመት! ጃፓን ገና እጇን አልሰጠችም። ስመ ጥር ተጫዋቾች ብዙዎቹ ወታደር ሆነው ሄደዋል።

የከተማው ቡድን አትሌቲክስ ከዲትሮይት ታይገርስ ጋር ገጠመ። ዲትሮይት የዚያን ዓመት ዋንጫ የበላ ቡድን ነው፤ አትሌቲክስ ደግሞ የሊጉ ውራ። ጨዋታው 9 ዙር ነው፣ ኢኒንግ ይሉታል። በ9 አላለቀም። 1 ለ 1። 12፣ 15፣ 18 ሆነ፣ ያው 1 ለ 1።

የዲትሮይቱ ኳስ ወርዋሪ ሌስ ሙለር ይባላል። እሱም ከሠራዊቱ ከተመለሰ ገና ነው። ብቻውን 19 ዙር ጨርሶ 20ኛው ሊያልቅ አንድ መቺ ማስወጣት ብቻ ሲቀረው አሰልጣኙ አወጡት። ከዚያ ወዲህ በትልቁ ሊግ በአንድ ጨዋታ ያን ያህል የወረወረ የለም። ያንን ሁሉ ለፍቶ ድልም ሽንፈትም አልተጻፈለትም! ጊዮርጊስ አቻ በወጣ ቁጥር እራት ትተህ የምትተኛው አንተ እዚያ ብትኖር ምን ትሆን ነበር?

24ኛው ዙር ሲያልቅ ጨለመ። 4 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ተጫውተዋል። ዳኛው በቃ አሉ። የሚያናድደው ግን ሌላ ነው። ስታዲየሙ መብራት ነበረው! በእነሱ ከ1939 ጀምሮ በማታ ሲጫወቱበት ኖረዋል። ግን በቀን የተጀመረ ጨዋታ በመብራት አይጨረስም የሚል ሕግ ነበራቸው። አምፖሉ ከላይ ተሰቅሎ፣ እነሱ ከታች ጨለማ ውስጥ ኳስ ፍለጋ።

ይህን ሳነብ አንተን አሰብኩ፣ አትቆጣኝ። ሐኪሙ የዓይንህ ሞራ ይገፈፋል ካለህ ዓመት ሆነህ። "በዚህ ዕድሜዬ ምን ልሠራበት" ትላለህ። የአትሌቲክስ አሰልጣኝ ኮኒ ማክ ያን ቀን 82 ዓመታቸው ነበር። እንደ አንተው ሱፍና ክራቫት ሳያደርጉ ሜዳ አይመጡም። ከዚያ በኋላም ሌላ አምስት ዓመት አሰልጥነዋል።

ለሕክምናው የሚሆነውን ብር ልኬያለሁ። እህቴ ቀጠሮ ትይዝልሃለች፣ እባክህ ለሌላ ነገር እንዳታውለው። የድሮውን ስታዲየም ፎቶ ከደብዳቤው ጋር አድርጌዋለሁ። እሷ እንዳትተርክልህ ነግሬያታለሁ። ራስህ አይተህ ትደውልልኛለህ።

ልጅህ