ጥቅሷን ከነጎረቤቶቿ አትሙልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። እኔ እዚህ ጎንደር፣ አራዳ አካባቢ ልብስ ሰፊ ነኝ። ጋዜጣችሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እገዛለሁ። አንብቤ ስጨርስ የኮሌታ ልክ እቆርጥበታለሁ፣ እንዳትቀየሙኝ። ዛሬ የምጽፍላችሁ በመጨረሻው ገጽ ጥግ ላይ በሣጥን አድርጋችሁ ስለምታወጧት የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ ነው። ማውጣታችሁ ጥሩ ነው። ቅሬታዬ አንድ ነው፤ ብቻዋን አታቁሟት።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ የራሴን ጉድ ልናገር፣ ሰው ላይ ጣት ከመቀሰር ይሻላል።

ከታላቅ ወንድሜ ጋር የአባታችንን ግቢ ለሁለት ተካፍለን ነው የምንኖረው። የዛሬ ሁለት ዓመት ቤቱን ሲያድስ አሸንዳውን ወደ እኔ ማድቤት ግድግዳ አዞረው። ክረምት ገባ። የጎንደርን የሐምሌ ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል። ግድግዳው የጭቃ ነው፤ ውኃው ልስኑን እየላጠ ጭዱ ታየ፣ ከዚያ ማገሩ ታየ። ተናገርኩ፣ አልሰማኝም። ሽማግሌ ላክሁ፣ «አስተካክላለሁ» ብሎ ሸኛቸው፣ አላስተካከለም። ብሽቅ ብዬ አንድ ማታ የቤተሰባችን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ የአንበሳ ፎቶ ያለበት ጥቅስ ለጠፍኩ፦ «በቀል የእኔ ነው፥ እኔ ብድራቱን እመልሳለሁ ይላል ጌታ።» ሮሜ 12፥19። ስም አልጠራሁም። ለማን እንደሆነ ግን አዲስ አበባ ካለችው እህታችን በቀር ሁሉም ገብቶታል። እሷ የዋህ ናት፣ «አሜን» አለችበት። ወንድሜ ከግሩፑ ወጣ። እኔ ደግሞ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። አልተሳደብኩ፣ አልተማታሁ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ነው የጠቀስኩት፣ ማን ምን ይለኛል?

ሳምንት ሳይሞላ አንድ የማከብራቸው የኔታ ቀሚሳቸውን ሊያሳጥሩ ሱቄ መጡ። እየሰፋሁ ብሶቴን ተነፈስኩ፣ ስልኬንም አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አነበቡና፣

«ቀጥል» አሉኝ።

«ምኑን ልቀጥል የኔታ?»

«ንባቡን ነዋ። ጳውሎስ እዚህ ላይ አላቆመም፣ አንተን ምን አስቆመህ?»

የሚቀጥለው ስልኬ ላይ የለም፤ አንበሳው ላይ የተጻፈው ያችው አንዲቷ ናት። ማታ ቤቴ ገብቼ መጽሐፉን ገለጥኩ። ቁጥር 20 እንዲህ ይላል፦ «ጠላትህ ግን ቢራብ አብላው፤ ቢጠማ አጠጣው።» ያን ያህል ድንጋይ አድርጌ የወረወርኩትን ቃል ተከትሎ የሚመጣው ይሄ ነው። ከፊቱ ደግሞ «ራሳችሁ አትበቀሉ» የሚል አለ፣ እዚያው 19 ላይ፣ ፎቶውን የሠራው ሰው ዘሎታል። ፊትና ኋላው ተቆርጦ መሐሉ ብቻ በእኔ ንዴት ልክ ተሰፍቶ ነበር ማለት ነው። ልብስ ሰፊ ሆኜ ይሄ እንዴት እንዳመለጠኝ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ከተማው ሁሉ ጥቅስ ሆኖ ይታየኛል። ከፒያሳ ወደ ማራኪ በምሳፈርባቸው ባጃጆች የኋላ መስታወት ላይ ብዙ ጊዜ የማያት «ኃይልን በሚሰጠኝ በክርስቶስ ሁሉን እችላለሁ» የምትለዋን ነው። አንዳንዱ ልጅ ሲነዳ ካያችሁት ጥቅሷ ለኩርባ የተጻፈች ነው የምትመስለው። ጳውሎስ ግን ይህን ለፊልጵስዩስ ሰዎች ሲጽፍ ታስሮ ነው። ከፍ ብላችሁ ምዕራፍ 4 ቁጥር 12ን ብታነቡ «መጥገብንና መራብንም መብዛትንና መጉደልንም ተምሬአለሁ» ይላል። «ሁሉን እችላለሁ» ያለው መራብም እችልበታለሁ ሊል ነው! ይህን ያወቀ ባለ ባጃጅ ሥራ በጠፋበት ቀን ከዚያች መስታወት ላይ ስንቅ ያገኝባታል። ያላወቀው ደግሞ ሥራ በጠፋ ቀን ጥቅሷ የዋሸችው ይመስለዋል፣ ከፋብኝ ብሎ ከእግዜር ጋር የሚኳረፈውም ያኔ ነው። የኤርምያስ 29፥11ም ያው ነው። የሰላም አሳብ፣ ተስፋ፣ እያልን ለምረቃ ባነር እናደርጋታለን። አንድ መስመር ከፍ ብትሉ ግን «70 ዓመት በባቢሎን» የሚል አለ። ደብዳቤው የተላከው ለምርኮኞች ነው፤ ተስፋው እውነት ነው፣ ግን ቁጭ ብሎ መጠበቅ አለው። ለተመራቂ ይህንንም ቢነግሩት አይጎዳውም፣ ሥራ ፍለጋው እንደሆነ የታወቀ ነው።

እዚህ ላይ ቃሉን አቃለልክ የሚለኝ አይጠፋም። ኃይሉን ስለማምን እኮ ነው የምጨቃጨቀው። ዕብራውያን 4፥12 የእግዚአብሔር ቃል ሁለት አፍ ካለው ሰይፍ ይልቅ የተሳለ እንደሆነ፣ የልብን ስሜትና አሳብ እንደሚመረምር ይናገራል። የማንን ልብ? የሚያነበውን ሰው ልብ ነዋ። እኔ የወንድሜን ልብ እንዲመረምርልኝ ነበር የላክሁት።

ደግሞ ማቴዎስ ምዕራፍ 4ን አስቡት። ሰይጣን በቤተ መቅደሱ ጫፍ ላይ ቆሞ የጠቀሰው ከየት ነው? ከዳዊት ነው፣ «ለመላእክቱ ስለ አንተ ያዝዝልሃል» ከምትለው፣ ሁላችንም ለመንገድ ስንወጣ ከምንደግማት መዝሙር 90። ቃሏ እውነትም የዳዊት ናት፣ «በመንገድህ ሁሉ ይጠብቁህ ዘንድ» የሚለውን ግን ዘሎታል። ጌታ የመለሰለት «ደግሞ ተጽፎአል» ብሎ ነው። እኔ ይህችን «ደግሞ» የምትል ቃል ከዚያ በፊት ልብ ብያት አላውቅም ነበር፤ ለካ ትልቁ ነገር እሷ ናት። አንዱን ቃል በሌላው ቃል ማየት ማለት ነው። ለዚህም ንባቡ ሙሉውን ሊኖርህ ይገባል፣ በፎቶ በፎቶ የተሰበሰበ አያደርስም።

የሚያሳዝነኝ ይህ የሆነው ጎንደር ውስጥ መሆኑ ነው። ላይ ቤት፣ ታች ቤት ተብሎ በሁለት ወገን የሚሰጠው የመጻሕፍት ትርጓሜ የዚህችው ከተማ ነው። የታች ቤት ሲነሣ ስማቸው የሚጠራው መምህር ኤስድሮስ ያስተማሩት እዚሁ ጎንደር ነው። አንድምታ ሲነገር የሰማ ያውቀዋል፤ ግእዙ ይነበባል፣ በአማርኛ ይፈታል፣ ከዚያ «አንድም» ይባላል፣ እንደገና «አንድም» ይባላል፣ አንዷ ቃል ከታሪክም ከነቢያትም ከሌላው ወንጌላዊም ጋር እየተገናኘች ትታያለች። ብሉዩን፣ ሐዲሱን፣ የሊቃውንቱንና የመነኮሳቱን መጻሕፍት እንዲህ አድርጎ ለመጨረስ ተማሪው ኮቾሮ እየለመነ ስንት ዓመት ይንከራተታል። እኛ ደግሞ ከእነሱ ግቢ አጥር ሥር ሆነን ከስልክ ላይ አንዲት መስመር ገልብጠን «ቃሉ ይላል» እንላለን። ጃንደረባው ከኛ ይሻላል። ሐዋርያት ሥራ 8 ላይ በሠረገላ ተቀምጦ ኢሳይያስን ሲያነብ ፊልጶስ «የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» ቢለው አልተቆጣም፤ «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» ነው ያለው። የንግሥት ገንዘብ ሹም የሆነ ሰው እኮ ነው። እሱንስ ከሠረገላው የሚያወርደው አልነበረም፣ ራሱ ነው ፊልጶስን ና ውጣ ያለው።

የአባታችን ዳዊት እኔ ዘንድ ነው። ማኅደሩ ሙጫ የሸተተ አሮጌ ቆዳ ነው፣ ማንገቻው ሁለት ጊዜ በኔው መርፌ ተጠግኗል። አባቴ ሌሊት ነበር የሚደግም፣ በጧፍ። መጽሐፉን ስትገልጡት ሰሙ የትኞቹ ገጾች ላይ እንደፈሰሰ ይታያል። አንዳንዱ ገጽ ንጹሕ ነው። «ተሣሀለኒ እግዚኦ በከመ ዕበየ ሣህልከ»፣ አቤቱ እንደ ቸርነትህ ብዛት ማረኝ፣ የምትለው መዝሙር 50 ላይ ግን ሰሙ ተደራርቦ ብራናውን አደንድኖታል፣ የግርጌው ጥግ በአውራ ጣት ጠቁሯል። አባቴ ምን እንዳስለቀሰው አልነገረን። ስለ ዳዊት መዝሙር ጉልበት ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፣ እንደዚያ ጥግ የገባኝ የለም። ታዲያ አባቴ ያን መዝሙር አንድ ቀን እንኳ ለኛ ሲጠቅስብን አልሰማሁም። ለራሱ ነበር የሚያነበው። (እናቴ ደግሞ ልጅ ሲያተኩሰው ያንኑ ዳዊት ትራስጌ ታደርግለት ነበር። እሷን ለመውቀስ አልደፍርም፣ ግን ገልጠን ብናነብለት ይሻል ነበር መሰለኝ።)

አንድ ደንበኛዬ ይህን ስነግረው «የመነኮሳቱን አባት አባ እንጦንስን አንዲት ጥቅስ አይደለችም ወይ ያመነኮሰችው?» ብሎ አፋጠጠኝ። ልክ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ወንጌል እየተነበበ ደረሰ፣ «ያለህን ሽጠህ ለድሆች ስጥ» የምትለዋን ሰማ፣ ወጥቶ የወላጆቹን መሬት ሰጠ። ቅዱስ አትናቴዎስ ነው የጻፈልን፣ ለእኛ የመጀመሪያውን ጳጳስ አባ ሰላማን የሾመልን ያው አትናቴዎስ። ስለዚህ አንዲት ቃል አትበቃም ማለት አልችልም። ለእንጦንስ በቅታዋለች። ልዩነቱ ግን እሱ ቃሏን ለራሱ መስማቱ ነው። መሬት ላለው ጎረቤቱ አላስተላለፈለትም!

የኔንስ ነገር አልጨረስኩትም። ያን ቁጥር 20 ካነበብኩ በኋላ ወዲያው ታረቅሁ ብዬ አልዋሽም። ወንድሜ አይራብም፣ ከኔ የተሻለ ይበላል፣ ምኑን ነው የማበላው እያልኩ ከመጽሐፉ ጋር ስከራከር ሁለት ወር አለፈ። ከዚያ ውኃ የጠፋ ሰሞን መጣ፣ ጎንደር ይህን አታጣውም። እኔ ሮቶ አለኝ፣ እሱ የለውም። ሚስቱ ቢጫ ጀሪካን ይዛ ወረፋ ስትወጣ በመስኮት አየኋት። «ቢጠማ አጠጣው» አለኝ ልቤ። እኔ ምሳሌያዊ ነገር መስሎኝ ነበር እኮ። ልጄን ሁለት ጀሪካን ሞልቼ ላክሁት። በማግስቱም ላክሁት። በሦስተኛው ቀን ጀሪካኖቹ ታጥበው፣ ክዳናቸው ላይ አዲስ ላስቲክ ገብቶላቸው ተመለሱ። አንድም ቃል አልተላከም። ግሩፑ ውስጥ ግን ተመልሶ ገብቷል። አሸንዳው እስካሁን እዚያው ነው፣ ግንቦት ላይ እንነጋገርበት ይሆናል።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። የምትቸገሩት ቦታ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ማስታወቂያ እንጀራችሁ ነው። ግን ያችን ሣጥን በሁለት ጣት ያህል ብታሰፏት ከላይ ሁለት ቁጥር፣ ከታች ሁለት ቁጥር ይገባባታል። ያም ካልሆነ ከጥቅሷ ሥር በትንሽ ፊደል «ቀጥሎ ያለውን ከቤታችሁ አንብቡ» በሉልን። የአንበሳውን ፎቶ ግን አደራ፣ አትጠቀሙበት።

አክባሪ አንባቢያችሁ
ልብስ ሰፊው፣ ከጎንደር አራዳ